ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት፦ የአንድ ድሬዳዋ ቤት የሙቀት መከላከያ ውሳኔ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ፎቅ የሌለው ቪላ ነው። በውጭ ልኬቱ 12 በ9 ሜትር፣ ማለትም 108 ካሬ ይይዛል። ሳሎኑና የምግብ ክፍሉ አንድ ላይ 36 ካሬ ናቸው፤ ሦስቱ መኝታ ቤቶች እያንዳንዳቸው 14 ካሬ ገደማ ይሆናሉ። ግድግዳው በሁለቱም ወገን የተለሰነ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፣ የኮርኒሱ ከፍታ 2.80 ሜትር ነው። ቦታው ጠባብና ረዘም ያለ ስለሆነ 12 ሜትር የሆነው የቤቱ ጎን ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያፈስ፣ 15 ዲግሪ ተዳፋት ያለው፣ ዙሪያውን 60 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ቆርቆሮ ነው።

ጥያቄው የተነሳው ግንባታው የላይኛው ቢም ተሞልቶ የጣሪያ እንጨት ሊታዘዝ ሲል ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ጥቁር ቀይ ባለ 30 ጌጅ ኢጋ ቆርቆሮና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ችፕውድ ኮርኒስ ብቻ ሲሆን በመካከላቸው ምንም የለም። በኤሌክትሪክ ዝርዝሩ ደግሞ ለሳሎን 24,000 ቢቲዩ (የኤሲ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለሦስቱ መኝታ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 12,000 ቢቲዩ የሆኑ ኤሲዎች ተይዘዋል፤ በድምሩ 60,000 ቢቲዩ። የቤቱ ባለቤት በኮርኒሱ ላይ የሙቀት መከላከያ ይጨመር ወይ ብላ ጠየቀች። የፎርማኑ መልስ ብዙ ቤት ሠሪ የሚሰማው ነው፦ «ኤሲ ልትገጥሚ አይደል እንዴ? ለአንድ ነገር ለምን ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ?»

ክርክሩ በትክክል የተቀመጠ ክርክር ነው፤ መልሱም በስሌት ብቻ ይገኛል። የእኛ ድምዳሜ ግን ከጥያቄው ትንሽ ይለያል። መከላከያውና ኤሲው የተለያየ ጊዜ ላይ የሚወሰኑ ሁለት ወጪዎች ሳይሆኑ አንድ ሂሳብ ናቸው፤ ሂሳቡም መሠራት ያለበት ቆርቆሮው ከመታዘዙ በፊት ነው። ኤሲው መቼም ይገዛል። ጣሪያው ግን አንዴ ከተዘጋ በኋላ መከላከያ ማስገባት በአብዛኛው አይቻልም።

ሙቀቱ የሚገባው ከየት ነው?

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ፀሐይም ከአናት ብዙ አትርቅም። እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 950 ዋት ያህል ፀሐይ ያርፋል። ጥቁር ቀይ ቀለም ከዚህ ውስጥ 70 በመቶውን ስለሚውጥ ቆርቆሮው ወደ 65 ዲግሪ ይሞቃል። እጅ አያስነካም ማለት ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ እስከ ክፍሉ አየር ድረስ ያለውን መከላከያ ስንደምር፣ የጣሪያው ባዶ አየር፣ 8 ሚሊ ሜትር ችፕውዱና የኮርኒሱ ታችኛ ገጽ አንድ ላይ 0.49 ብቻ ይሆናሉ (መለኪያው ካሬ ሜትር በዲግሪ በዋት ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ሙቀቱን ይገታል)። ክፍሉን 28 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ከተፈለገ ልዩነቱ 37 ዲግሪ ነው። 37ን ለ0.49 ስናካፍል በአንድ ካሬ 75 ዋት እናገኛለን። የኮርኒሱ ስፋት 100 ካሬ ስለሆነ 7.5 ኪሎዋት ሙቀት በጣሪያ በኩል ብቻ ይገባል። አንድ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ የሚያወጣው 3.5 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ ሁለት ኤሲ ሙሉ ጉልበታቸውን ቆርቆሮው የሚያመጣውን ሙቀት በማስወጣት ላይ ያውላሉ፤ ሰው፣ ምድጃ፣ መስኮትና ግድግዳ ገና አልተቆጠሩም።

በዚህ ላይ የኮርኒሱ ገጽ ራሱ ከክፍሉ አየር በ13 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። የግድግዳው ቴርሞሜትር 28 እያሳየ አናት የሚያቃጥለው ለዚህ ነው፤ ኮርኒሱ እንደ ምጣድ ወደ ታች ሙቀት ይለቃል። ሰው ታዲያ አየሩ የሞቀ መስሎት ኤሲውን ወደ 20 ዲግሪ ያወርደዋል። ችግሩ ግን ከላይ ነው።

ቀለም፣ ከዚያ ውፍረት

የመጀመሪያው ማሻሻያ ጥጥም (ፋይበር ግላስ) ፎምም አይደለም። የቆርቆሮው ቀለም ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ኢጋ አዲስ ሲሆን ከፀሐዩ 30 በመቶ ብቻ ይውጣል። የድሬ አቧራ ሲያርፍበት 40 በመቶ ይሁን ብለን አስልተናል። የቆርቆሮው ሙቀት ከ65 ወደ 51 ዲግሪ ይወርዳል፤ በኮርኒሱ የሚገባው ሙቀትም ከ7.5 ወደ 4.6 ኪሎዋት። በአንድ ቤት ትእዛዝ ላይ የቀለም ኮድ መቀየር ብቻ ይህን ያህል ያተርፋል፤ ለባለቤቷ በቀረበው ዋጋም ነጩና ቀዩ እኩል ነበሩ። ያልተቀባ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ነጭን ይተካል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ ብርሃኑን ቢመልስም የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ የመልቀቅ አቅሙ ደካማ ስለሆነ እሱም በጣም ይሞቃል።

ቀጥሎ ውፍረት። ፋይበር ግላስ በጥቅል ይመጣል፤ ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩ 1.25 መከላከያ ይጨምራል፣ 10 ሴንቲ ሜትሩ 2.5። በጥቁር ቀይ ቆርቆሮ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ቢነጠፍ 7.5 ኪሎዋቱ ወደ 2.1 ይወርዳል። 10 ቢሆን ወደ 1.2፣ 15 ቢሆን ወደ 0.9። የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር 5.4 ኪሎዋት ያስቀራል፤ ሁለተኛው 0.9፤ ሦስተኛው 0.3 ብቻ። ዋጋው ግን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ያው ነው። «ከሠራሁ አይቀር ወፍራሙን» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ገንዘብ ያባክናል።

ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱ ያምራል። ነጭ ቆርቆሮ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጥጥ ጋር 1.3 ኪሎዋት ያስገባል፤ ይህም ጥቁር ቀይ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥጥ ጋር ከሚያስገባው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ የግማሹን ጥጥ ዋጋ ይከፍላል። በነጩ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ቢደረግ 0.8 ይሆናል፤ ለጠቅላላው ቤት ግማሽ ኪሎዋት ብቻ ለማትረፍ የጥጡን ወጪ እጥፍ ማድረግ ነው። ባለቤቷ አልመረጠችውም፤ እኛም አንመክርም። ቤቱ ኤሲው ቀን ከሌት የማይጠፋበት ክሊኒክ ወይም የመድኃኒት መጋዘን ቢሆን፣ ወይም ጥቁር ቀለም የግድ ቢሆን ኖሮ ግን 10 ሴንቲ ሜትሩ ተገቢ ይሆን ነበር።

የአሉሚኒየም ፎይልም ታስቦ ነበር። ወራጁ (ተዳፋቱን ተከትሎ የሚወርደው የጣሪያ እንጨት) ላይ ተወጥሮ፣ የሚያብለጨልጨው ገጹ ወደ ታች ዞሮ፣ ከቆርቆሮው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ 0.6 ያህል መከላከያ ይጨምራል። ከነጭ ቆርቆሮ ጋር 2.1 ኪሎዋት ያደርሳል፤ ጥጥ ለማይገኝበት ከተማ ጥሩ ምትክ ነው። ገጹ ወደ ላይ ከሆነ ግን አቧራ ሸፍኖት በጥቂት ዓመት ይሞታል። ቆርቆሮውን ከነካም ብረቱ ሙቀቱን በቀጥታ ስለሚያሳልፍለት ምንም አይሠራም። አናጺው ማገሩን (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት) ፎይሉ ላይ አጣብቆ ሲመታ የሚደርሰው ይኸው ነው። ጥጡ ስለተመረጠ ፎይሉ ቀርቷል።

አሁን ወይም መቼም

ባለቤቷን ያሳመናት ከዋቱ ይልቅ የጣሪያው ቅርጽ ነው ብንል አንሳሳትም። ጣሪያው 15 ዲግሪ ስለሆነ በጉልላቱ ሥር ያለው ከፍታ 1.20 ሜትር ነው፤ ወደ ግድግዳው በተጠጋን ቁጥር ይጠባል። ከምዕራቡና ከምሥራቁ ግድግዳ 1.5 ሜትር ገባ ሲባል ያለው ክፍተት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን በመካከሉም ትረሶች (ጣሪያውን የሚሸከሙ የእንጨት ማዕቀፎች) አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው አይገባም። 1.5 ሜትር በ12 ሜትር በሁለት ጎን 36 ካሬ ነው፤ የቤቱ ሲሶ። «ገንዘብ ሲገኝ በኋላ ይገባል» የሚባለው ጥጥ ይህን ሲሶ አያገኘውም፤ ካልሆነ ኮርኒሱ መፍረስ አለበት። መስኮት፣ ኤሲ፣ ቀለም፣ መጋረጃ፣ ዛፍ ሁሉ በኋላ ይጨመራሉ። የተገደበ በጀት ያለው ሰው ቅድሚያ መስጠት ያለበት በኋላ ለማይመለስለት ነገር ነው።

የተነሳው ሌላ አማራጭ ለሳሎኑ ያጌጠ ጂፕሰም ኮርኒስ ነበር። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። ባለቤቷ መለኪያ አበጀች፦ የጥጡ ዕቃና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ 18,000 ቢቲዩ ኤሲ ዋጋ ከበለጠ አይገባም። የቀረበው ዋጋ ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ጂፕሰሙ ቀረ። በብር ያለውን አንጽፍም፤ የሲሚንቶም የጥጥም ዋጋ በወር ስለሚለዋወጥ አንባቢ የሳምንቱን ዋጋ በዚህ መለኪያ ላይ ቢያስገባ ይሻለዋል።

የምዕራቡ ጎን

ምዕራቡ የተለየ ችግር ነው። ግድግዳው መስኮቱ ሲቀነስ 28 ካሬ ይሆናል፤ መስኮቱ 5 ካሬ፣ ከዚህ 3.6ቱ የሳሎን ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን በካሬ 650 ዋት ያህል ስትመታው በብሎኬቱ በኩል 1.5 ኪሎዋት ይገባል። የሚገባው ግን ወዲያው አይደለም። ብሎኬት ሙቀቱን ለ4 እስከ 6 ሰዓታት ይዞ ስለሚያቆይ ከፍተኛው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ልክ ሰው ሊተኛ ሲል ነው።

በግድግዳው ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ለጥፎ በመረብ መለሰን 1.5ቱን ወደ 0.4 ያወርደዋል። ጥሩ ይመስላል። መስኮቱን ግን አይነካም፤ መስኮቱ ደግሞ ከግድግዳው ይብሳል። 5 ካሬ መስታወት በቀጥታ ፀሐይ 2.6 ኪሎዋት ያስገባል፣ ያውም በዚያው ቅጽበት። ባለ ሁለት ድርብ መስታወት የተሻለ ነው ተብሎ ነበር። ድርብ መስታወት ለብርድ አገር ነው፤ በአየሩ ሙቀት ልዩነት የሚያልፈውን ይቀንሳል እንጂ የፀሐዩን ጨረር አብዛኛውን ያሳልፋል። በዚህ ቤት መስታወቱን የሚያድነው ጥላ ነው።

ስለዚህ የፎሙና የድርብ መስታወቱ ገንዘብ ወደ በረንዳ ተዛወረ። የምዕራቡ ጣሪያ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይልቅ 2 ሜትር እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያው ተዳፋት ሲወርድ ጠርዙ 2.40 ሜትር ከፍታ ላይ ያርፋል። በሰኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ በ48 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን ጥላው ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ይሸፍናል። 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ 34 ዲግሪ ስለምትወርድ ጥላው 1.05 ሜትር ላይ ይቆማል። 11 ሰዓት ላይ 20 ዲግሪ ስትደርስ 1.67 ሜትር ላይ፤ በዚያ ሰዓት መስኮቱ ግማሹ ለፀሐይ ይጋለጣል። በረንዳ ብቻውን ምዕራብን አይጨርስም። በጠርዙ ላይ የሚወርድ የሸምበቆ መጋረጃ ወይም በመስኮቱ ውጭ የእንጨት መዝጊያ ያስፈልጋል። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ዘግይቷል፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። በባቡር ኩባንያው ዘመን የተሠሩትን የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቤቶች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከዚያም ዛፍ።

ወለሉ ላይ ምንም አልተደረገም፤ መደረግም የለበትም። በሞቃት አገር መሬቱ ከአየሩ ስለሚቀዘቅዝ ከወለሉ ሥር ፎም ማድረግ ያንን ቅዝቃዜ መከልከል ነው። አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ይህ ቤት ቢሠራ ብዙው ነገር ይገለበጣል። እዚያ ጥጡ የሚፈለገው ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት ብርድና በቆርቆሮው ሥር ለሚቋጥረው ጤዛ ነው፤ ነጭ ቀለምም በረንዳም እዚህ ያላቸውን ያህል ዋጋ አይኖራቸውም። ከዚያ የመጣ ዝርዝር ለድሬ እንዳለ መገልበጥ የለበትም።

ኤሲው ሲቀነስ

ሳሎኑ ላይ ያለው ጣሪያ 36 ካሬ ነው። ነጩና ጥጡ በካሬ ከ75 ወደ 13 ዋት ስላወረዱት 2.2 ኪሎዋት ሳይገባ ቀርቷል። በረንዳው ከመስኮቱ በትንሹ 1.2 ኪሎዋት ያስቀራል። ድምሩ 3.4 ኪሎዋት፣ በኤሲ ቋንቋ 11,600 ቢቲዩ ነው። በወረቀት ላይ 24,000ው በ12,000 ይተካል። እንግዳ ሲመጣና ከምድጃው ሙቀት ሲገባ ግን ትርፍ አይኖረውም፤ ስለዚህ 18,000 ኢንቨርተር ተመረጠ። ኢንቨርተሩ ጭነቱ ሲቀንስ ጉልበቱን ስለሚቀንስ ትንሽ ትርፍ መያዙ አይጎዳም። ተራ ኤሲ ከልክ በላይ ትልቅ ሲሆን ግን በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ ኮምፕሬሰሩን ይፈጃል።

በምዕራብ ያሉት ሁለት መኝታ ቤቶች ከ12,000 ወደ 9,000 ወረዱ። የምሥራቁ መኝታ ቤት ቬንትሌተር ብቻ ይዞ ለኤሲ የሚሆን መስመርና የውኃ መውረጃ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ተዘጋጅቶለት ቀረ። 60,000 የነበረው 36,000 ሆነ። የጥጡ ገንዘብ የተመለሰው ገና መብራት ሳይበራ፣ በግዢው ላይ ነው። ለፎርማኑ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ መክፈል ሳይሆን የኤሲውን ክፍያ መቀነስ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቆጣሪ ቁጠባ ተጨማሪ ነው። ሳሎኑ በዓመት 150 ሞቃት ቀናት፣ በቀን 8 ሰዓት ቢቀዘቅዝና በጣሪያው ሳይገባ የቀረው ሙቀት በአማካይ 1.3 ኪሎዋት ነው ቢባል 1,560 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ አንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ኪሎዋት ሙቀት የሚያወጣ ኤሲ ይህን ለማስወጣት 520 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጅ ነበር። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው ውድ ደረጃ ስለሚያሻግር ቁጠባው ይበልጥ ይጠቅማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲው ዝም ይላል፤ ጥጡ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ለብዙ ቤት ይህ ከታሪፉ በላይ ይመዝናል።

አንድ ጉዳት አለው፤ ሊነገርም ይገባል። ባዶ ቆርቆሮ ቀን እንደሚያቃጥል ሁሉ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጥጥ የተነጠፈበት ቤት ቀን የሞቀው ብሎኬት ሌሊት ሙቀቱን በጣሪያ በኩል ማስወጣት ስለማይችል፣ መስኮት ካልተከፈተ እስከ እኩለ ሌሊት ይታፈናል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኝታ ቤት በሁለት የተለያየ ግድግዳ ላይ የሚከፈት መስኮት ወይም ከበሩ በላይ የአየር ማስገቢያ እንዲኖረው ተደረገ። በከተማው ወባም ደንጊም ስላለ መስኮቶቹ ሁሉ ወንፊት ያስፈልጋቸዋል፤ ወንፊት ደግሞ ነፋሱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሚከፈተው ክፍል በስዕሉ ላይ ከነበረው እንዲሰፋ ሆኗል። መስኮቷን ሌሊት ዘግታ ለመተኛት ያሰበች ቤተሰብ ይህን ቀድማ ማወቅ አለባት።

ዕቃና አሠራር

ነጭ ቆርቆሮው ከነበረንዳው 158 ካሬ፣ ለመደራረቢያና ለብክነት 10 በመቶ ተጨምሮ 174 ካሬ ታዘዘ። ችፕውዱ 122 በ244 ስለሆነ 34 ቅጠል ያስፈልጋል፤ ለቁራጭ ተጨምሮ 37። ጥጡ 1.2 በ15 ሜትር የሆነ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ጥቅል ነው፤ አንዱ 18 ካሬ ይሸፍናል፣ ስድስት ጥቅል በቂ ነው። ክብደቱ በካሬ አንድ ኪሎ ገደማ በመሆኑ በሞራሌው (ኮርኒሱ በሚመታበት እንጨት) ላይ የሚጨምረው ጫና የለም፤ ችፕውዱ ራሱ በካሬ ከ5 ኪሎ ይበልጣል።

የሥራው ቅደም ተከተል ዋነኛ ነገር ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ተመትቶ አንድ ዝናብ ወይም የአንድ ቀን የውኃ ጎማ ፍተሻ ያልፋል። የረጠበ ጥጥ ተጨማድዶ ዋጋ ያጣል፤ ኮርኒሱንም ያጎብጣል። ቆርቆሮ በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር ተራ ሚስማር ስለሚላላ ጎማ ያለው ብሎን ይመረጣል። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከዚያ ሞራሌው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ከዚያ በኋላ ችፕውዱ በአንድ ረድፍ ተመትቶ ጥጡ በዚያ ረድፍ ላይ ይነጠፋል፣ ቀጣዩ ረድፍ ይከተላል። ኮርኒሱ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ከላይ እናነጥፋለን የሚል ሠራተኛ ያንን ሲሶ ባዶ ይተወዋል። በሞራሌዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 56 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጥጡ 58 ሆኖ ይቆረጣል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትሩ ተይዞ እንዲቆም ነው። ተጨፍልቆ 2.5 የሆነ ጥጥ ግማሽ መከላከያ ነው፤ ገመድና ዕቃ አይጫንበት። ከውስጥ ግድግዳዎች በላይም ሳይቋረጥ ያልፋል።

የኤሌክትሪክ ገመድ በጥጡ ውስጥ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ከተቀበረ የሚሸከመው አምፔር በግማሽ ይወርዳል። የኤሲና የምጣድ መስመር በጥጡ ሥር ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ገመዶቹ ሁሉ ከጥጡ በላይ በትረሱ እንጨት ላይ ይታሰራሉ። የኮርኒስ ስፖት መብራቶች በጥጥ ሲሸፈኑ ስለሚግሉ በሳሎኑ ከኮርኒሱ በታች የሚለጠፍ መብራት ተተካላቸው። ይህም ቀዳዳውን ያስቀራል፤ በየቀዳዳው የጣሪያ ትኩስ አየርና አቧራ ይገባልና። በጥጥ ፋንታ ርካሹን ነጭ ፎም ኮርኒስ ላይ የሚያደርጉ አሉ። እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ አይጥ ይቦረቡረዋል፣ ከፒቪሲ ገመድ ጋር ከተነካካም የገመዱን ልባስ እያደረቀ ያሰነጥቀዋል። ለዚህ ቦታ አይሆንም።

የጣሪያው ባዶ አየር እንዲናፈስ በደቡብና በሰሜን ግንባሮች ላይ ሁለት 60 በ60 ባለ ክንፍ መተንፈሻ ተተወ፤ በምሥራቅና በምዕራብ ጠርዝ ሥር ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በ24 ሜትር ርዝመት። ሁሉም በ6 ሚሊ ሜትር የሽቦ ወንፊት ተሸፍነዋል። ሌሊት ወፍ አንዴ ከገባ ጥጡን ያበላሻል፣ ሽታውም አይወጣም። ጥጡ በጠርዙ ያለውን ክፍተት እንዳይደፍን ግድግዳው ላይ የቁራጭ ችፕውድ ማገጃ ቆመ። ሠራተኞቹ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና እጅጌው ረጅም ልብስ ይለብሳሉ፤ ቃጫው ቆዳና ዓይን ያሳክካል። የምስጥ መድኃኒት ለትረሱና ለሞራሌው የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው።

ርክክቡ

በውሉ ላይ ሁለት ነገር ተጻፈ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የጥጥ ረድፍ ከመዘጋቱ በፊት ከላይ ፎቶ ይነሳል፤ በተለይ በምዕራብና በምሥራቅ ጠርዝ በኩል። ሁለተኛ፣ ከመጨረሻው ክፍያ 10 በመቶው የሚለቀቀው ከሙቀት ፍተሻ በኋላ ነው። ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ እየተነጣጠረ የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃል። ፀሐያማ ቀን ተመርጦ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የክፍሉ አየር ይለካል፣ ከዚያ ኮርኒሱ በየሜትሩ። በትክክል የተነጠፈ ኮርኒስ ከአየሩ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ቢበልጥ ነው። 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ቦታ ከተገኘ እዚያ ጥጥ የለም ወይም ተጨፍልቋል፤ ያ ቅጠል ወርዶ ይታያል። በሞራሌው መስመር ላይ ትንሽ ከፍ ማለቱ ያለ ነው፤ እንጨት ከጥጥ ይልቅ ሙቀት ስለሚያሳልፍ ጠቅላላውን ውጤት አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል።

የምዕራቡ የሸምበቆ መጋረጃና በበረንዳው ፊት የሚተከሉት ሁለት ዛፎች ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፈዋል፤ እስከዚያ ሳሎኑ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚያገኘውን ፀሐይ 18,000ው ኤሲ ይሸከመዋል። ለመጋረጃው የሚሆኑት መንጠቆዎች ግን የበረንዳው እንጨት ሲሠራ አብረው ተገጥመዋል።